የአሊና የከበደ ሽምብራ

ባለፈው ሳምንት ዘሀራን ልጠይቅ ከመርሳ ወደ ወልዲያ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ሁለት የተማሩ ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኛው ኮሌጅ የገባ ሁሉ፣ ሙዚቃም ያጥና ታሪክ፣ አልጀብራ ሳያልፍ መመረቅ የለበትም ይላል። ሌላው ደግሞ በማያስፈልገው ነገር የስንቱን ልጅ እንጀራ ትዘጋላችሁ እያለ ይጮኻል። አድማጭም እየደወለ የበኩሉን ይጨምራል። መኪናው ውስጥ ያለው ሰውም ዝም አላለም። ሾፌሩ፣ «እኔ አልጀብራን ሰባተኛ ክፍል ላይ ትቼው ወጥቼ ይኸው መኪና እነዳለሁ» አለ። ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ «ረዳትህም አብሮህ የተወው መሰለኝ፤ መልስ ሲሰጥ ሁልጊዜ ያጎድላል» ሲለው ሁላችንም ሳቅን። አጠገቤ የተቀመጠች፣ ደብተር የታቀፈች ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለችኝ። «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ» ብያት ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሲሪንቃ ደርሰን ነበር፤ የግብርና ምርምር ጣቢያው ማሽላ በየመደቡ ተሰልፎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ይታያል። የእኔ መልስ ከሲሪንቃ እስከ ወልዲያ ባለው መንገድ አያልቅም። ከጀመርኩት ደግሞ ጦርነቱን ማንሳቴ አይቀርም፤ ጦርነቱን ሚኒባስ ውስጥ የሚያነሳ ሰው የለም።

እኔ መርሳ አጠገብ ባለችው ግራና የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። በእኛ ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ደሴ ሄዶ፣ አንድ ዓመት ሠልጥኖ፣ ሰርተፊኬቱን ይዞ ሲመለስ አስተማሪ ነው። ደሴ ስሄድ ኮንጎ ጫማ አድርጌ ነበር፤ ስመለስ ግን ተረከዙ ቋ ቋ የሚል ጫማና የፖሊስተር ቀሚስ አድርጌ፣ መንገዱ የእኔ የሆነ ይመስለኝ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል። መርሳ ዋናው መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ማዕዘን ላይ፣ ቴፑን ደጅ አውጥቶ ከማለዳ የሚከፍት ባለሱቅ ነበር። ጠዋት ትዝታ ነው፣ ረፋዱ ላይ አምባሰል፤ ቅዳሜ ገበያተኛው ሲበዛ ደግሞ የሚጨፈርበትን ያስገባል። የአውቶቡሱ ተሳፋሪ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ብርቱካን ይገዛል፣ ሴቶቹ ሳህናቸውን ይዘው ከመስኮት መስኮት ይሯሯጣሉ፣ መንደሩ ሁሉ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ ባንክ ተከፍቷል፤ ዘፈኑም በየሰዉ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ለብቻ የሚሰማ ሆኗል።

አንደኛ ክፍል ማስተማርን ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ያዩታል። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ውጭ ምንም ተመኝቼ አላውቅም። ዳይሬክተር ሁኚ ሲሉኝም እምቢ ብያለሁ። ልጆቹ መስከረም ላይ እያለቀሱ ይመጣሉ፣ እርሳሱን እንደ ዱላ ጨብጠው ይይዙታል። ከዚያ መጋቢት አካባቢ አንድ ቀን፣ አንዷ ድንገት ማንበብ ትጀምራለች። እዚያ ቀን ላይ የደረሰች ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የጨው ከረጢት፣ የዘይት ቆርቆሮ፣ የአይሱዙ በር፣ የሰው ቲሸርት። እናትየዋ በማግሥቱ መጥታ፣ «ኧረ ቲቸር፣ ይቺ ልጅ አላስቀምጥ አለችኝ» ብላ ትከሰኛለች። ይህን ክስ ለመስማት ስል ነው ዓመቱን ሙሉ የምደክመው።

ኋላ ላይ ዲፕሎማ የሌለው ክፍል ውስጥ አይገባም የሚል ነገር መጣ። ሰርተፊኬት ብቻ ያለን ሰዎች ክረምት ክረምት ወልዲያ እየሄድን መማር አለብን፤ ያልጨረሰ ወደ ዕቃ ቤት ይዛወራል። እኔ ጡረታዬ እየተቃረበ ነው ብዬ ከዓመት ዓመት ሳሸጋግረው ቆየሁና፣ በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ጠርቶ፣ «እትዬ አስካለ፣ ከእንግዲህ እኔም ላድንዎት አልችልም» አለኝ። ዕቃ ቤቱን አውቀዋለሁ። የተሰባበረ ወንበር፣ የአይጥ ሽታ፣ የሚቆጠር ጠመኔ። ከልጆቹ ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ እንኳ የለም። እዚያ ገብቶ መቀመጥ ከሞት አይሻለኝም ነበር፤ ሻንጣዬን ይዤ ወልዲያ ገባሁ።

አዳጎ ሰፈር አንዲት ክፍል ከዘሀራ ጋር ተከራየን። ዘሀራ የመርሳ ልጅ ናት፣ ከእኔ አሥር ዓመት ታንሳለች፣ እሷም አስተማሪ ነች። በጾም ቀን ወጡን እኔ እሠራለሁ፣ በፍስኩ እሷ፤ ሥጋ ስንገዛ ግን የእኔን ከክርስቲያን ልኳንዳ፣ የሷን ከእስላም ልኳንዳ አምጥተን በየድስታችን እንሠራና ቡናውን አንድ ላይ እንጠጣለን። ሁሉም ትምህርት ደህና ነበር። አማርኛው፣ የልጆች ሥነ ልቦናው፣ የማስተማር ዘዴው፣ ሁሉንም ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ነው። አልጀብራ ላይ ስንደርስ ግን ዓይኔ ይፈዝዛል። ሙዚቃ የሚማረውም፣ ስፖርት የሚማረውም፣ እንደ እኔ ሀሁ የሚያስቆጥረውም በአንድ ላይ ይማረዋል። ካላለፈ ዲፕሎማ የለም። ሁለት ጊዜ የወደቀ ደግሞ ከኮሌጁ ይሰናበታል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «እኩል ይሆናል» ባለ ቁጥር የእኔ ልብ ግማሽ ያስባል። በእኛ አገር እኩሉን ስጠኝ ያለ ግማሹን ነው የጠየቀ። እገሌ የእገሌን መሬት እኩል አረሰ ከተባለም አራሹና ባለመሬቱ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ ማለት ነው። አባቴ የተወልኝን ቁራጭ ማሳ አያ ሙሔ የሚባሉ ጎረቤቴ እኩል ሲያርሱት ዘመናቸው ነው። እና «ኤክስ ሲደመር ሦስት እኩል ይሆናል ስምንት» ሲባል፣ እጄ ሳያማክረኝ ስምንትን ለሁለት ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ክረምት ኤፍ አገኘሁ። አብሮኝ የወደቀ ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ነበር፤ ሲጫወት ሰው ከመንገድ ይቆም ነበር። ለእሱ ሁለተኛ ውድቀቱ ስለነበር ተሰናበተ። አሁን መርሳ ገበያ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ በዚያ ዓመት ሊያስተምራቸው የነበሩት ልጆች ያለ ሙዚቃ አለፉ። እኔ አልጀብራን የምከራከረው በዚህ ልጅ ነው፤ ማንም ሊመልስልኝ አልቻለም።

በሁለተኛው ክረምት ያስተማረን ናሆም የሚባል ወጣት ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጫማው የወልዲያ ጭቃ ሳይነካው የሚውል። ሰው ይሰማል። አንድ ቀን በክፍሉ ሁሉ ስም ተነስቼ፣ «ቲቸር፣ ያልተወለደ ልጅ ክርስትና አይነሳም። ኤክስ ስንት እንደሆነ ሳናውቅ ስም ማውጣት ምን አስቸኮለን? ለአንደኛ ክፍል አስተማሪስ ምን ይጠቅማል?» አልኩት። ክፍሉ አጨበጨበልኝ። ናሆም ሳቀና፣ «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእርስዎ ምን እንደሚጠቅምዎት አላውቅም» አለ። «ሰው ያላወቀውን ነገር ይዞ ሳይደነግጥ ሲሠራ ማየት ግን ደስ ይለኛል። እርስዎ ሲደነግጡ አያለሁ።» መልሱ ቢያናድደኝም ውሸት አልነበረበትም።

ያኔ ጦርነቱ ከሰሜን እየወረደ ነበር። ቆቦ ዘመድ ያለው ሰው ስልክ ይዞ ይሯሯጣል፣ በከተማው ጎንደር በር በኩል ፍራሽ የጫኑ መኪኖች ይመጣሉ፣ የዘይት ዋጋ ጠዋትና ማታ ይለያያል። ኮሌጁም ትምህርቱን አጣድፎ ፈተናውን አቀረበው። ናሆም በእንግሊዝኛ እንደምንቸገር ስላወቀ፣ ብዙ ነጥብ የያዘውን ጥያቄ ውለታ ሊውልልን በአማርኛ አወጣው። እንዲህ ይላል፦ አሊና ከበደ እኩል አረሱ። በድምሩ ሃያ አንድ ኩንታል ሽምብራ አገኙ። አሊ ከከበደ አንድ ኩንታል የበለጠ ደረሰው። እያንዳንዳቸው ስንት አገኙ?

ክፍሉ ተንጫጫ። ከሐብሩ ገጠር የመጣ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ እኩል ካረሱ እንዴት አንዱ ይበልጣል?» አለ።

ናሆም፣ «ማሳቸው ነው እኩል፤ ምርታቸው አይደለም» አለ።

«እኩል የሚታረሰውማ አንድ ማሳ ነው!»

«ሁለት ማሳ ነው። አንድ የአሊ፣ አንድ የከበደ።»

«ታዲያ የየራሳቸውን ካረሱ ምኑን እኩል አረሱት? መሬቱ የማነው?»

ናሆም መቀለጃ ያደረጉት መሰለው፤ ጆሮው ቀላ። «ዝም ብላችሁ ሥሩ» አለ። ከኋላ አንዷ ሴት፣ «ዘሩ የአሊ ነው እንግዲያ!» ስትል ሰማናት። «አሃ!» አለ ክፍሉ በአንድ አፍ፤ ሁሉም አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። እኩል ሲታረስ ዘር ያዋጣው ሰው ከአውድማው ላይ መጀመሪያ ዘሩን ያነሳል፤ የሚካፈሉት የቀረውን ነው። ከሃያ አንዱ አንዷን ኩንታል ለአሊ ዘር አወጣሁ፣ ሃያውን እኩል አደረግሁ። ለከበደ አሥር፣ ለአሊ አሥራ አንድ። በሕይወቴ የሒሳብ ፈተና ወረቀት ላይ ፈገግ ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ናሆም ግን ሴትየዋ መልስ ያስተላለፈች መስሎት ወረቀቱን ሰብስቦ ሳይሰናበተን ወጣ።

ቅዳሜ ቢሮው አስጠራኝ። ወረቀቴን አስቀምጦ፣ «እትዬ አስካለ፣ መልሱ ልክ ነው። ኤክስ የታለ? የጠየቅኩት አልጀብራ ነው፤ እዚህ የተጻፈው ‹ዘሩን አወጣሁ፣ እኩል አካፈልኩ› ነው። ምን ማለት ነው? የክፍሉ ግማሽ ይህንኑ ጽፏል። ተኮራረጃችሁ?» አለኝ።

«ኧረ በማርያም! የአገሩ ደንብ ነው።»

«የአገሩ ደንብ እኔ የማስተምረው ትምህርት አይደለም» አለኝ። ወረቀቴን ወደ ጎን አድርጎ ግን፣ «ሰኞ ጠዋት ይምጡ። ሌላ ጥያቄ እሰጥዎታለሁ። በኤክስ ከሠሩት አልፈዋል፤ ካልሠሩት ወድቀዋል» አለ። ያን ቅዳሜ ማታ ዘሀራ ጥያቄ እያወጣችልኝ፣ እኔ እየተሳሳትኩ፣ እሷ «አብሽሪ፣ ወላሂ ታልፊያለሽ» እያለችኝ አመሸን።

ሰኞ አልመጣም። እሑድ ረፋድ ላይ ከባድ መሣሪያው ቀረበና ከተማው ነቅሎ ወጣ። መኪና የሚባል አልነበረም፤ የነበረውም ሞልቷል። እኔና ዘሀራ ነጠላችንን አደግድገን ከሰዉ ጋር ወደ መርሳ በእግር ጀመርን። ከጥቁር ውሃ ወንዝ አለፍ እንዳልን ናሆምን መንገድ ዳር ተቀምጦ አገኘነው፤ በዚያ ፀሐይ ይንዘፈዘፋል። ወባ ነበር። ዘሀራ የምታውቀውን ባለጋሪ ለምና አሳፈረችው፣ እኛ በኋላ በኋላ። መርሳ ስንደርስ የዘሀራ ቤተሰብ ወደ ደሴ ሊወጣ ዕቃ ይጭናል። ልጁ ግን ቀና ማለት አቅቶታል። ዘሀራ ከቤተሰቧ ጋር ስትወጣ፣ «እኔ ጋ ይሁን» አልኩና ግራና ይዤው ሄድኩ። ሁለት ቀን ሳይሞላ መንገዱ ተዘጋ።

ጎረቤት ሲጠይቀኝ የእህቴ ልጅ ነው አልኩ። በዚያን ጊዜ የማይታወቅ ወጣት ቤት ውስጥ ማስቀመጥ የሚያስገድል ነገር ነበር፤ ወታደር ነው ካሉ አለቀ። አነጋገሩ እንዳያሳብቅበት ሰው ሲመጣ ጉሮሮውን አሞታል እላለሁ። እንዲህ ጉሮሮው የታመመ ሰው ግራና አይታ አታውቅም፤ ከኅዳር በፊት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ቅጠል አጠጡት። ባንክ የለም፣ ደመወዝ የለም፣ መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ጨው እንደ ወርቅ ሆነ። ሰው ሽንኩርት በክብሪት ይለዋወጣል። ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አጥቶ ስለተዘጋ ሴቶች የድሮ የድንጋይ ወፍጮ ከየጓሮው አወጡ። ትምህርት ቤቱ ታጣቂ ሰፍሮበታል። በአጥሩ ባለፍኩ ቁጥር ወደ ክፍሌ መስኮት አላይም፤ ልጆቹ የሣሏቸው ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ነበሩ።

ናሆም ሲሻለው፣ አንድ ቀን ከሰል አምጥቼ የጎተራውን በር አሳየሁትና፣ «ይኸው ሰሌዳ። ሰኞዬን አልረሳሁም» አልኩት።

«እትዬ፣ አሁን ማን ስለ አልጀብራ ያስባል?»

«አንተ ሥራ ፈት ነህ፣ እኔም ሥራ ፈት ነኝ። ይሄ ነገር ሲያልፍ ዕቃ ቤት መግባት አልፈልግም» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ጎተራው በር ላይ ቆምን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አጠፋለሁ። አልገባኝም። አንዳንድ ቀን እሱ ይናደዳል፣ አንዳንድ ቀን እኔ ከሰሉን ወርውሬ ወደ ጓዳ እገባለሁ። ያ ሁሉ ሰው የሞተበት ጊዜ፣ የዘሀራ ወሬ የጠፋበት ጊዜ፣ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ለአንድ ፊደል መጣላታችን አሁን ሲታሰበኝ ያስቀኛል።

ጤፉ ሲደርስ አያ ሙሔ ለአውድማው ጠሩን። ወቅቱ ክፉ ነበር፤ የተወቃ እህል ከታየ ይወሰዳል። ስለዚህ አያ ሙሔ ከመውቃታችን በፊት ሊያስማሙኝ ፈለጉ። ነዶው ላይ ተቀምጠው፣ በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ፣ «እንግዲህ አስካለ፣ እንትን ቁና ይወጣል እንበል» አሉ። «ከእንትኑ ላይ መጀመሪያ ዘርሽን እናወጣና እንሸሽጋታለን። የቀረችውን እኩል።»

ናሆም ጉሮሮውን አሞታል መባሉን ረስቶ፣ «ምን አሉ?» ብሎ ጮኸ። «እንትን ያሉት ኤክስ ነው! ዘሩ የሚቀነሰው ነው!» ከዚያ ደግሞ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ነዶው ላይ ቁጭ አለ። «ለካ አልተኮራረጃችሁም! ለካ እኩል ማረስ ማለት ይሄ ነው!» አያ ሙሔ ልጁን አይተው ወደ እኔ ዞሩ። «ጉሮሮው ተሻለው ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ።

እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እንትን እያልኩ ስኖር ስንት ዘመኔ ነው! ያላየሁትን እህል ስም አውጥቼለት፣ ከላዩ ቀንሼ፣ ለሁለት ከፍዬ ኖሬያለሁ። «እንግዲያማ አልፌያለሁ በለኛ» አልኩት። «አይሆንም» አለ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ፤ «በኤክስ ይጽፉታል።» ያን ዓመት የወጣው ትንሽ ነበር። የአያ ሙሔ ቤት ልጅ ይበዛበታል፣ እና፣ «ዘንድሮ ዘሩ ይቅር፣ ልጆችዎ ይብሉት» አልኳቸው። ተቆጡኝ። «ኧረ ወዲያ! ዘር ሳይወጣ ምኑን እኩል እንባባላለን? ከርሞስ ምን ልዘራ ነው?» ዘሩን ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። የቀረውን ተካፍለን በሰቀቀን በላነው።

መንገዱ ሲከፈት ናሆም በመጀመሪያው ከባድ መኪና ሄደ። እኔ ተሰልፌ የመጣልንን እርዳታ ስቀበል ከረምኩ። ስንዴ ዱቄት ሰጡን፣ ዘይት ሰጡን፣ ብርድ ልብስና ሳሙና ሰጡን። የሚያከፋፍሉት ልጆች ያስተማርኳቸው ነበሩ፤ «ለቲቸር ቅድሚያ ስጧት» ሲሉ ሰዉ ገለል ይልልኛል። ደግነታቸውን አውቃለሁ። ግን ሠላሳ ዓመት ስሰጣቸው የኖርኩ ሴት እጄን ዘርግቼ ስቆም አፈርኩ።

ኮሌጁ ሲከፈት ሄድን። ዘሀራም ከደሴ ተመልሳ ነበር፤ ተቃቅፈን አለቀስን። ከግቢው የቀረ ነገር አልነበረም፤ መስኮቱ የለም፣ ወንበሩ ተማግዷል፣ ያለፈው ፈተናችንም የት እንደደረሰ አይታወቅም። የኮሌጁ ዲን ሰበሰቡንና፣ «ባለፈው ችግር ምክንያት የክረምት ተማሪ ሁሉ አልጀብራን እንዳለፈ ይቆጠራል» አሉ። እልልታው ቀለጠ። ዘሀራ አቀፈችኝ። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

«እኔ ልፈተን» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው፣ «አንቺ አይደለሽም እንዴ አልጀብራ ይቅር ስትይ የኖርሽው?» አለኝ።

«አዎ። አሁንም ለሰው ሁሉ ግዴታ መሆኑ ይቅር እላለሁ። እኔ ግን ልፈተን።»

ዘሀራ ነጠላዬን እየጎተተች፣ «አበድሽ? ቁጭ በይ፣ በአላህ!» ትለኛለች። ዲኑ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «እትዬ፣ ከተፈተኑ የሚያዘው የፈተናው ውጤት ነው። ከወደቁ ወደቁ፤ ሁለተኛዎ ስለሆነም ይሰናበታሉ። ያውቃሉ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ክፍሌን፣ ልጆቹን፣ ያቺን መጋቢት በእጄ ይዤ ልወረውራቸው ነበር።

ናሆም ተመልሶ ነበርና እሱ ፈተነኝ። በሌለው ወንበር ፋንታ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ፣ ጭኔ ላይ ካርቶን አድርጌ ሠራሁ። ስለ ሽምብራም ስለ እርሻም አንድ ጥያቄ አላወጣም፤ ሆን ብሎ ነው። የባቡር፣ የውሃ ጋን፣ የአባትና የልጅ ዕድሜ። ሁሉም ውስጥ ያላየሁት ነገር አለ። ልቤ ሲደነግጥ ብዕሬን አስቀምጬ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ ስሙን አውጥቼለት እቀጥላለሁ። አንዱን ጥያቄ ሦስቴ ሰርዤ ጀመርኩት። ናሆም ፊት ለፊቴ ቆሞ አረመው፤ ሲያርም ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። በቀይ ብዕር ጽፎ ሰጠኝ።

«ሲ?» አልኩት።

«ሲ ነው፣ እትዬ። ሁለት ቦታ ምልክት ተሳስተዋል፣ አንዱን ደግሞ ሳይጨርሱ ትተውታል።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ሽሮዬን በልተህ?»

«ሽሮው ቢቆጠርማ ኤ ነበር።»

ሳቅን። ሳቄ ግን መሃል ላይ ተበላሸና ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማቆም አልቻልኩም። ዘሀራ ደጅ ስትጠብቅ ሰምታ እየሮጠች ገባች። የወደቅኩ መስሏት ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ አድርጋ «አብሽሪ፣ አብሽሪ እህቴ» ትለኛለች። አልፌያለሁ ስላት ገፍታኝ፣ «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ዝም ብለሽ ብትቀመጪ ያው አልፈሽ አልነበር?» ብላ ተቆጣች። እኔ ወረቀቱን አጥፌ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ያን ዓመት የለበስኩት ብርድ ልብስ ተሰጥቶኝ ነው። የጋገርኩት ዱቄት፣ የታጠብኩበት ሳሙናም ተሰጥቶኝ ነው፤ የሰጡኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዲፕሎማውንም ሊሰጡኝ ነበር። ያቺን ሲ ግን ማንም አልሰጠኝም።